ተመላሹ የማን ነው?

ፓሪስ ውስጥ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ወደ ኪዮስክ ጎራ ብሎ «ለ ሞንድ» የገዛ እንግዳ ጋዜጣው ላይ የረቡዕን ቀን ያገኛል። የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደለም። ጋዜጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1944 ከተመሠረተ ጀምሮ የከሰዓት ጋዜጣ ነው። ዋና ከተማው ውስጥ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ይደርሳል፤ ሌሎቹ ከተሞች የሚያገኙት ግን በማግስቱ ጠዋት ስለሆነ የሚታተምበት የማግስቱ ቀን ነው። ቅዳሜ የሚወጣው «እሑድ–ሰኞ» ይላል፤ እሑድ ዕለት አዲስ እትም የለም።

በዚያው የፊት ገጽ ግርጌ ዓይን ቶሎ የማያርፍበት ደቃቅ ጽሕፈት አለ። ጋዜጣው የሚሸጥባቸው አገሮች ከነዋጋቸው ተደርድረውበታል፦ ጀርመን ይህን ያህል፣ ሞሮኮ ይህን ያህል፣ ሴኔጋል ይህን ያህል። እኔ ከዋናው ርእስ በፊት እሱን ማንበብ እወዳለሁ። ጋዜጣው የት የት አንባቢ እንዳለው፣ መንገዱ የት ላይ እንደሚቋረጥ ከዚያ በላይ በግልጽ የሚናገር የለም። በሌሎች አገሮች ጋዜጦችና መጽሔቶች ላይም ተመሳሳይ ዝርዝር ሞልቷል፤ በሽፋኑ ጥግ ወይም ከአሞሌ ኮዱ አጠገብ ይገኛል።

አንድ ጋዜጣ ከአገሩ ውጭ የሚገኝበትና የማይገኝበት ምክንያት ምንድን ነው? ቶሎ የሚሰጠው መልስ «አንባቢ ካለ ጋዜጣ አለ» የሚል ነው። ነገሩ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የአዲስ አበባ ጋዜጣ በየሱቁ በተገኘ ነበር። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ የሐበሻ ሱቅ ለገባ ሰው ከበርበሬና ከሽሮ ሌላ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የተጫነ እንጀራ ሳይቀር ይጠብቀዋል። እንጀራው ውቅያኖስ ተሻግሮ ይደርሳል፤ በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ላይ የታተመው ጋዜጣ ግን የለም። ሁለቱም ከአንድ ከተማ ይነሣሉ፣ ሁለቱንም የሚፈልገው ያው አንድ ሕዝብ ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው።

ባለሱቁ በሳምንት ስንት እንጀራ እንደሚወጣለት ያውቃል፤ የጭነቱን ዋጋ እላዩ ላይ ጨምሮ ይሸጠዋል፣ የተረፈውን የሚያደርግበት መላም አያጣም። ጋዜጣ ግን ከክብደቱ አንጻር ርካሽ ዕቃ ነው፤ ሳምንቱ ካለፈ ደግሞ ዋጋ የለውም። ሃያ አስመጥቶ ሰባት ቢሸጥለት አሥራ ሦስቱ በእጁ ይቀራሉ። ስለዚህ ሁሉም ነገር በአንድ ጥያቄ ላይ ይወድቃል፦ ያልተሸጠው ቅጂ ኪሳራ የማን ነው? የባለሱቁ ከሆነ እርግጠኛ ያልሆነበትን አያስቀምጥም። የአሳታሚው ወይም የአከፋፋዩ ከሆነ ግን ባለሱቁ የማያውቀውንም ጋዜጣ ሳይሳሳ ይደረድራል። በጋዜጣ ንግድ ውስጥ ያሉ ሰዎች ይህን «ተመላሽ» ይሉታል። በውጭ አገር ያለ የጋዜጣ መሸጫ መልኩን የሚያገኘው ከተመላሽ ውል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የአንባቢው ብዛት የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው።

ፈረንሳይ ይህን በሕግ ወስናዋለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የጋዜጣና የመጽሔት ስርጭት በአብዛኛው በአሼት ኩባንያ እጅ ነበር፤ አከፋፋዩ አንድ ሲሆን ማን ለአንባቢ እንደሚደርስና ማን እንደሚዘገይ በእሱ ፈቃድ ላይ ይወድቃል። በናዚ ወረራ ዘመን በድብቅ ጋዜጣ እያተሙ የታገሉት ሰዎች አገራቸው ነጻ ስትወጣ ይህ እንዲቀጥል አልፈለጉም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 1947 የወጣው፣ በፖለቲከኛው በሮቤር ቢሼ ስም የሚጠራው ሕግ መነሻው «የኅትመት ውጤቶች ስርጭት ነጻ ነው» የሚል ሐሳብ ነው። አሳታሚዎች በጋራ ማከፋፈል ከፈለጉ በኅብረት ሥራ ማኅበር መደራጀት አለባቸው፤ በማኅበሩ ውስጥ መቶ ሺሕ ቅጂ የሚያትመውም ሁለት ሺሕ የሚያትመውም እኩል አንድ ድምፅ አለው፤ ማኅበሩም ደንቡን የተቀበለ ጋዜጣን አላከፋፍልም ማለት አይችልም። ሻጩ ጋር የተቀመጠው ቅጂ እስኪሸጥ ድረስ የአሳታሚው ንብረት ነው። ሻጩ ከሸጠው ኮሚሽኑን ይወስዳል፤ ያልተሸጠውን አስሮ ይመልሳል፣ ሒሳቡ ይታሰብለታል።

የፓሪስ ኪዮስክ ለእንግዳ ዓይን የሚያስደንቅ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አራት ሰው በማይበቃው በዚያ ሣጥን ውስጥ የቀኝ አክራሪው ሳምንታዊ ከኮሙኒስቱ ዕለታዊ ጎን ይቆማል፤ ስለ ንብ ማነብ የሚጽፈው መጽሔት ስለ ሥነ ሕንፃ ከሚጽፈው ጋር ይደራረባል፤ ከጎናቸው ደግሞ የአልጄሪያው፣ የጣልያኑ፣ የስፔኑ፣ የጀርመኑ ይንጠለጠላል። የፖርቱጋል ግንበኛ የአገሩን የስፖርት ጋዜጣ የሚያገኘው ኪዮስከኛው ስለራራለት አይደለም። አልሸጥም ቢል የሚያተርፈው፣ እሸጣለሁ ቢል የሚከስረው ነገር ስለሌለ ነው።

ሸክሙ ግን ከሰው ጫንቃ አልወረደም፤ ወደ ኪዮስከኛው ወገብ ዞረ እንጂ። ጠዋት ከመንጋቱ በፊት እስሩ ይመጣል፤ ክሩን ይበጥሳል፣ ይቆጥራል፣ ከመላኪያው ሰነድ ጋር ያመሳክራል። ከዚያ የትናንቱን አውጥቶ የተመላሹን እስር ያስራል፤ እሱንም ቆጥሮ ይጽፋል። ያላዘዘው መጽሔት ይመጣለታል፤ መደርደሪያው ላይ ሁለት ሳምንት ቆሞ ሳይሸጥ ይመለሳል። ሒሳቡ ኋላ ቢታሰብለትም ገንዘቡን አስቀድሞ የከፈለ ስለሆነ የሚመለስለትን መጠበቁ ይከብደዋል። ኪዮስከኞች ይህን ዘወትር ያማርራሉ፤ እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሕጉ ተሻሽሎ ሻጩ መጽሔቶችን በመጠኑ እንዲመርጥ ተፈቀደለት፤ የፖለቲካና የአጠቃላይ ዜና ጋዜጦች ግን በየትኛውም መሸጫ የመገኘት መብታቸው እንደተጠበቀ ነው። በዓመቱ ዋናው አከፋፋይ ፕረስታሊስ ከስሮ «ፍራንስ ሜሳዥሪ» በሚባል ድርጅት ተተካ። ዛሬ ከኪዮስኩ ግማሽ ጎን የኤፍል ማማ ምስል ያለበት የማቀዝቀዣ ማግኔትና ጃንጥላ ተሰቅሎ ቢታይ አይግረማችሁ፤ ሻጩ የሚኖረው በዚያ ነው።

ጀርመን በሌላ መንገድ እዚያው ደርሳለች። እንግዳ ሰው ጋዜጣ ፍለጋ ከተማ ውስጥ መዞር የለበትም፤ ወደ ዋናው ባቡር ጣቢያ መሄድ ብቻ ነው። የጣቢያ መጻሕፍት መደብሮች ከተራው ሱቅ በተለየ ከአሳታሚዎች በቀጥታ ይረከባሉ፤ ያልተሸጠውን የመመለስ መብት አላቸው፤ የመንገደኛ አገልግሎት ስለሆኑ ሌላው ሱቅ በሚዘጋበት እሑድ እንኳ ክፍት ናቸው። ልማዱ ከጀርመን አልተጀመረም። እንግሊዛዊው ደብሊው. ኤች. ስሚዝ በለንደኑ ዩስተን ጣቢያ የመጀመሪያውን የጋዜጣ መሸጫ የከፈተው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1848 ነው፤ ጋዜጣም መንገደኛም በአንድ ባቡር የሚሄዱበት ዘመን ነበርና።

የጀርመን ጣቢያዎች ግን ሌላ ታሪክም አላቸው። ጀርመንና ቱርክ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1961 የሠራተኛ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ ከኢስታንቡል የሚነሡት ባቡሮች ሙኒክ ዋና ጣቢያ አሥራ አንደኛው ሐዲድ ላይ ይቆሙ ነበር። የመጡት ሠራተኞች በእሑድ ቀን ተመልሰው የሚሰበሰቡት እዚያው ጣቢያ ነበር፤ ጣልያኖቹም፣ ግሪኮቹም፣ ስፔኖቹም እንዲሁ። የአገር ሰው የሚገኘው እዚያ ነው፤ የአገር ወሬ የሚሰማው እዚያ ነው፤ የአገር ጋዜጣ የሚመጣውም እዚያ ነው፣ ዕድሜው ቀናት ቢያልፈውም። «ሁሪየት» የተባለው የኢስታንቡል ጋዜጣ ይህን ሰልፍ አይቶ ወሰነ። ወረቀት ጭኖ ከመላክ ገጹን ልኮ እዚያው ማተም ይሻላል አለና እ.ኤ.አ. በ1969 ጀርመን ውስጥ ማተም ጀመረ። ከዚያ በኋላ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛው ቱርካዊ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ የሚገዛው የዕለቱን ጋዜጣ ሆነ፤ የአገሩን እግር ኳስ ውጤት፣ የአገሩን ምክር ቤት ክርክር፣ በጀርመን ስላለው የሥራ ሕግ የሚያስረዳውን ዓምድ በራሱ ቋንቋ ያነብ ጀመር። የጭነት ዋጋው ወደቀ፤ ያልተሸጠውም ከጀርመን ጋዜጦች ተመላሽ ጋር አብሮ የሚታሰብ ሆነ።

ሀብታም መንገደኞች ግን ከጥንትም ችግር አልነበረባቸውም። አሜሪካዊው ጄምስ ጎርደን ቤኔት ልጁ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1887 የ«ኒው ዮርክ ሄራልድ»ን የፓሪስ እትም ያወጣው አውሮፓ ውስጥ ለሚኖሩና ለሚዘዋወሩ የአገሩ ልጆች ነው። ያው ጋዜጣ በ1967 «ኢንተርናሽናል ሄራልድ ትሪቢዩን» ሆነ፤ በ1980 ገጾቹ በሳተላይት እየተላኩ ሆንግ ኮንግ ላይ ይታተሙ ጀመር፤ በ2013 የ«ኒው ዮርክ ታይምስ»ን ስም ይዞ የቀድሞ ስሙ ጠፋ። እንዲህ ያለ ጋዜጣ ከዋነኞቹ ደንበኞቹ መካከል ሆቴልና አየር መንገድ ይገኙ ነበር። ሆቴሉ በጅምላ ገዝቶ በየክፍሉ በር ሥር ያስገባ ነበር፤ ተመላሽ የሚባል ነገር አልነበረም፣ እንግዳው አነበበውም አላነበበው ተከፍሎበታል። ከ1919 ጀምሮ የወጣው «ጋርዲያን ዊክሊ» ደግሞ በስስ ወረቀት ታትሞ በአየር ፖስታ ለደንበኛው በስሙ ይላክ ነበር፤ ቅጂው ሁሉ ባለቤት አለው። ኔልሰን ማንዴላ በፖልስሙር እስር ቤት ሳሉ ከውጭው ዓለም ጋር ካገናኟቸው ንባቦች አንዱ እሱ ነበር።

ለንደን ኤጅዌር ጎዳና ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት መደርደሪያ ይታይ ነበር። የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የአረብ ጋዜጠኞችን ሲበትን ብዙዎቹ ለንደን ገቡ። «አሽ ሻርቅ አል አውሳት» በ1978 እዚያ ተመሠረተ፤ «አል ሐያት» በ1988 እዚያ ዳግም ተነሣ፤ «አል ቁድስ አል አረቢ» በ1989 ተከተለ። አረብኛ የማያነብ ሰው እንኳ የመጀመሪያውን በአረንጓዴ ገጹ ይለየው ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ኋላ የነዳጅ አገር ባለሀብት ስለነበረ ኪሳራውን የሚችል ሰው አላጡም፤ ከዚያ ጋር የሚመጣው ዝምታም እንደዚያው አልጠፋም።

ወደ እኛ የሚያቀርበን ግን ባሕረ ሰላጤው ነው። የሕንድ ኬረላ ክፍለ አገር ሰዎች በሚልዮን ተቆጥረው ወደ ዱባይ፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ዶሃ ሄደዋል። ጋዜጣ አንባቢ ሕዝብ ናቸው፤ «ማላያላ ማኖራማ» እ.ኤ.አ. በ1888 በተቋቋመ ኩባንያ የሚታተም አንጋፋ ጋዜጣ ነው። በ1999 ጅዳ ላይ የሳዑዲ አሳታሚ ድርጅት «ማላያላም ኒውስ»ን ማተም ጀመረ፤ በዚያው ዓመት «ገልፍ ማድያማም» ባሕሬን ላይ ወጥቶ ቀስ በቀስ በሌሎቹ የባሕረ ሰላጤ አገሮችም መታተም ጀመረ። ሳዑዲው ድርጅት ከዚያ በፊት በ1994 ለፓኪስታናውያን «ኡርዱ ኒውስ»ን አውጥቶ ነበር። አስተናጋጁ አገር ራሱ ሠራተኛውን እንደ ገበያ ቆጠረው ማለት ነው። በሠራተኞች መኖሪያ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነው የሚያድሩ ሰዎች አንድ ጋዜጣ ገዝተው ለስድስት ያነቡታል፤ ስለ ደመወዝ መዘግየት፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ ምሕረት፣ ስለ አገር ቤት ምርጫ።

በእነዚያው ከተሞች በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ይሠራሉ። የአማርኛ ዕለታዊ ጋዜጣ ግን አልወጣላቸውም። ምክንያቱ የማንበብ ፍላጎት ማነስ አይመስለኝም። ኬረላዊው በብዛት ወንድ ነው፤ ከሥራ ወጥቶ ሱቅ ይሄዳል፣ አውቶቡስ ይጠብቃል፣ ሻይ ቤት ይቀመጣል። የእኛዎቹ ብዙዎቹ በአሠሪ ቤት ውስጥ የሚኖሩ እኅቶች ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ማግኘቱ ራሱ ለብዙዎቹ ሙግት ነው፤ ሱቅ ወጥታ ጋዜጣ የምትገዛ ሴት መጀመሪያ በሩ ሊከፈትላት ይገባል። በአንድ ቦታ የማይሰበሰብ አንባቢን አከፋፋይ አያየውም። ስለ ውል፣ ስለ ፓስፖርት መያዝ፣ ስለ ኤምባሲ አገልግሎት በቋንቋዋ የሚነግራት ጋዜጣ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእሷ ነበር። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ስለ ኢትዮጵያ በውጭ አገር የሚታተም ጋዜጣ ታሪክ የለውም ማለቴ አይደለም። ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባ በገባበት ቀን፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1936፣ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ለንደን ላይ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ»ን አወጣች፤ በየሳምንቱ እየታተመ ሃያ ዓመት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር «ቻሌንጅ»ን፣ የአውሮፓው «ታጠቅ»ን ያሳትሙ ነበር። እነዚህ የገበያ ሥራ አልነበሩም፤ የዓላማ ሥራ ነበሩ። ተመላሹን የተሸከመው ማኅበሩ፣ መዋጮው፣ የአባሉ ትከሻ ነው። ዓላማው ሲበተን ጋዜጣውም አብሮ ይበተናል።

ዛሬ ዋሽንግተንና አካባቢው ያለው ሌላ ዓይነት ነው። የሐበሻ ሱቅ በር ሲከፈት ከመግቢያው ወረድ ብሎ፣ ከሽንኩርቱ ጆንያ አጠገብ፣ ወለል ላይ ወይም በሽቦ መደርደሪያ ላይ የተቆለለ የአማርኛ ጋዜጣ ወይም መጽሔት ይታያል። ዋጋውን የጠየቀ ሰው «በነጻ ነው፣ ውሰድ ወንድሜ» ይባላል። ገልጦ ያየው እንደሆነ ታክስ የሚሠሩለት፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃው፣ ቤት አሻሻጩ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የጉዞ ወኪሉ ፎቶግራፋቸውን ይዘው በየገጹ ይቀበሉታል። በመካከል የጤና ምክር፣ የአገር ቤት ዜና፣ ግጥም፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ አለ። ይህን ሥራ ዓመታት ያቆዩትን ሰዎች አከብራለሁ፤ በሌሊት እየጻፉ፣ በራሳቸው መኪና በየሱቁ እያደረሱ ነው ያቆዩት። በእነሱ ዘንድ ተመላሽ የለም፤ ማስታወቂያ አስነጋሪው ለሁሉም ቅጂ አስቀድሞ ከፍሏል። ነገር ግን የሚከፍለው እሱ ከሆነ ጋዜጣው የሚያየው እሱን ነው። ማስታወቂያ ሲሳሳ ገጹ ይሳሳል፤ ለማስታወቂያ አስነጋሪ የማይመች ምርመራ ለመሥራት ደግሞ ቅርጹ ራሱ አይፈቅድም። አንባቢው በዶላር የሚኖር፣ ለቡናው አምስት ዶላር የሚከፍል ሰው ሆኖ ሳለ ለጋዜጣው ሳንቲም አላወጣም። ስላላወጣም የሚጠይቀው ነገር የለም።

«አሁንማ ስልክ አለ» ይባላል፤ ተገቢ ክርክር ነው። የአዲስ አበባ ጋዜጦች ድረ ገጽ አላቸው፣ ቴሌግራም አላቸው፤ ዴንቨር ያለው ሰው እሑድ የወጣውን ሐተታ እሑድ ያነበዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ወደኋላ ተመልሶ አገር ቤት ከሄደ ሰው ሻንጣ ውስጥ የወር ጋዜጣ መጠበቅን የሚመኝ የለም። ግን ሒሳቡን እንየው። አዲስ አበባ ያለው አንባቢ በብር ደመወዙ የሽፋን ዋጋውን ከፍሎ ያነባል። አራት ኪሎ ላይ ደግሞ ጋዜጣ በኪራይ ሲነበብ ኖሯል፤ ሰውየው የመንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ አንብቦ ይመልሳል። አዟሪው በጥሬ ገንዘብ የተረከበውን ቅጂ ከኪሳራ የሚያድንበት መንገድ ነው፤ ለአሳታሚው ግን አሥር ሰው ያነበበው አንድ ሽያጭ ነው። ከአማርኛ አንባቢዎች ሁሉ የመክፈል አቅሙ ከፍ ያለው፣ በውጭ የሚኖረው፣ በስልኩ በነጻ ያነባል። የወረቀት ዋጋ በየጊዜው ሲንር፣ ጋዜጦች ገጽ ሲቀንሱና አንዳንዶቹ ሲዘጉ፣ ዝግጅት ክፍሉን ሊያቆይ የሚችለው ገንዘብ ያለው በዚያ በማይከፍለው እጅ ነው። ይህ ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ እምብርት ነው።

ለሌሎቹ አገሮች ጋዜጦች ዲጂታሉ የራሱን መላ አግኝቷል። ከካናዳ ቫንኩቨር አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመ አንድ ድርጅት ሥራውን የጀመረው ሆቴሎች ውስጥ የእንግዳውን አገር ጋዜጣ በጥያቄ በማተም ነበር፤ እንግዳው ሲጠይቅ ይታተማል፣ ካልጠየቀ ወረቀት አይባክንም። ዛሬ «ፕረስሪደር» በሚባል ስም ከ7,000 በላይ ጋዜጦችና መጽሔቶችን ከነገጻቸው ያቀርባል። ብዙ የአሜሪካና የአውሮፓ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለአባሎቻቸው በነጻ ይሰጡታል፤ የቤተ መጻሕፍት ካርድ ያለው ስደተኛ ይህን ቢጠይቅ አይጎዳም። በተቃራኒው የአደባባይ መሸጫዎቹ እየጠፉ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሃርቫርድ አደባባይ ላይ ከ1955 ጀምሮ የመላውን ዓለም ጋዜጣ ይሸጥ የነበረው «አውት ኦቭ ታውን ኒውስ» በ2019 ተዘግቷል።

ዋሽንግተን ውስጥ የአዲስ አበባን ጋዜጣ በወረቀት ማየት የሚፈልግ ሰው ግን የሚሄድበት ቦታ አለ፤ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ናይሮቢ ላይ ቢሮ ከፍቶ የምሥራቅ አፍሪካን ኅትመቶች፣ የእኛንም ጨምሮ፣ እየገዛ ይሰበስባል። በጄፈርሰን ሕንፃ ያለው የአፍሪካና የመካከለኛው ምሥራቅ ንባብ ክፍል ለማንም አዋቂ አንባቢ ክፍት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለአማርኛ ጋዜጣ ዋጋ ከፍሎ ያስመጣል፤ እኛ በዚያው ከተማ በብዛት እየኖርን አልገዛነውም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ከተመላሹ ይጀምራል። ወረቀት ከአዲስ አበባ መጫን አያስፈልግም፤ «ሁሪየት» ከሃምሳ ዓመት በላይ ቀድሞ ያሳየው መንገድ አለ። የአዲስ አበባ ሳምንታዊ ጋዜጦች ሦስትና አራት ሆነው ምርጥ ገጾቻቸውን በአንድ ላይ አዋቅረው ዓርብ ማታ ቢልኩ፣ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያለ ማንኛውም ማተሚያ ቤት ለቅዳሜ ጠዋት ያደርሰዋል። ለሱቆቹ የሚያደርሰው መኪና ከወዲሁ አለ፤ እንጀራ የሚያከፋፍለው መኪና በየሳምንቱ በዚያው በር ያልፋል። በሽፋኑ ላይ ዋጋ ይጻፍበት፤ ሁለት ዶላርም ይሁን ሦስት፣ ብቻ ይጻፍበት። ባለሱቁ ምንም አያስይዝ፤ የሸጠውን ድርሻውን ይውሰድ፣ ያልሸጠውን ይመልስ፣ ይቆጠርለት። ኪሳራውን አሳታሚዎቹ እንደ ፈረንሳዮቹ ማኅበር በጋራ ይቻሉት፤ ትልቁም ትንሹም አንድ ድምፅ ይኑረው፣ አንዱ በሌላው አንባቢ ላይ በር እንዳይዘጋ።

የሚከብደው ወረቀቱ ወይም ቴክኖሎጂው አይደለም። እርስ በርስ በማይተማመን ገበያ ውስጥ ሦስት አሳታሚዎችን በአንድ ውል ማስፈረም፣ ባለሱቁ የመለሰውን ቅጂ ቁጥር ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዲያስረክብ ማድረግ፣ ገንዘቡም በወሩ መጨረሻ በባንክ አልፎ አዲስ አበባ እንዲደርስ ማድረግ ነው የሚከብደው። እነዚህ ሦስቱ በስድስት ወር ሙከራ ሊፈተኑ የሚችሉ ናቸው። በስድስት ወሩ መጨረሻ በየሱቁ ስንት ቅጂ እንደተገዛ፣ ስንት እንደተመለሰ በእጃችን ይኖራል፤ እስካሁን ግን የምናውቀው በነጻ ስንት እንደተወሰደ ብቻ ነው።